በሚስ ኦሬሊያ በር ያለፈው መኪና

ዴልማር ግላፒዮንን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቤታችን አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ ብሎ ይተያያል። ሰላምታ እንለዋወጣለን። በካርኒቫል ሰሞን መሰላልህን አውሰኝ ይለኛል፤ ጓሮው ያፈራው ቲማቲም ሲደርስ በወረቀት ከረጢት አድርጎ በረንዳዬ ላይ ትቶልኝ ይሄዳል። ይኸው ነው። ሚስቱ ለምን ትታው እንደሄደች አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። በልቡ የነበረውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ምናልባት እሱም ሁሉን አያውቀው ይሆናል።

ሥራው ትራም መንዳት ነበር። ትራም ነጂ ውሃ ይፈራል። ሞተሩ ከሥር ስለሆነ ሐዲዱን ውሃ ከሸፈነው ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ተሳፋሪ ቢለምንም ቢሳደብም አይነቃነቅም። ዴልማር ይህን ጠባይ ከሥራው ወደ መንገዳችን ይዞት መጣ።

ኒው ኦርሊንስ እንደ ሳህን የጎደጎደች ከተማ ናት። የወረደው ዝናብ በፓምፕ ተስቦ ካልወጣ የሚሄድበት የለውም። ሰማዩ ሲጠቁር ታዲያ ሁሉም የሚያደርገውን ያውቃል። መኪናውን ከቤቱ ደጃፍ አንስቶ በትልቁ ጎዳና መካከል ወዳለው ከፍ ያለ ሣር ይወስዳል፤ ገለልተኛ መሬት እንለዋለን። ጉልበት ላነሰው ጎረቤት ቁልፉን ተቀብሎ ያነሳለታል። ከዚያ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃው ሲወጣና ሲወርድ ማየት ነው።

የትም ያልተጻፈ አንድ ሌላ ሕግ ደግሞ አለ። መንገዱ ከሞላ በኋላ መኪና አይነዳበትም። ውሃው የሰው ደፍ ሥር ደርሶ ዝም ብሎ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ቢታገሡት ፓምፑ ይስበዋል። መኪና ካለፈበት ግን ጎማው የገፋው ውሃ ግራና ቀኝ ማዕበል ሆኖ ይሄድና ደፉን ዘሎ ሳሎን ይገባል። ነጂው አንዳንዴ አይታወቀውም። ወደ ኋላ የሚያይ የለም።

የዚህ ሕግ ጠባቂ ዴልማር ነበር። ዝናቡ ሲከብድ ባለ ጎማ የቆሻሻ ገንዳዎቹን እየጎተተ በመንገዱ አፍ ይደረድራቸዋል፤ እንዳይንሳፈፉ ጡብ ይጨምርባቸዋል። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቦቲ ጫማ አጥልቆ፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ መካከላቸው ይቆማል። አስቀድሞም የውሃ መውረጃ ቱቦውን አፍ በመቧጠጫ ይጠርጋል። በየካቲት ከካርኒቫል ሰረገላ የተወረወረው ጨሌ በነሐሴ ከዚያ ቱቦ ይወጣል፤ ሐምራዊው፣ አረንጓዴው፣ ወርቃማው፣ ጭቃ ለብሶ እንደ እባብ ተጠማዞ።

አንድ ጊዜ ፒዛ የሚያደርስ ጎረምሳ ገንዳዎቹ ፊት ቆሞ ጡሩምባውን ሲነፋ ነበር።

«አባባ፣ ያሳልፉኝ። ፒዛው እየቀዘቀዘ ነው።»

«ይቀዝቅዝ። የቀዘቀዘ ፒዛ ይሞቃል። የበሰበሰ ወለል ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አገባኝ ታዲያ?»

«እሱን ነው የምልህ። ስለማያገባህ ተመለስ። ወይ ደግሞ በእግርህ ሂድ፤ እግር ማዕበል አያነሳም።»

ልጁ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ሄደ። ከማዶ በረንዳ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ክሊቭ ሳቁ ሊገድለው ደረሰ። «አድሚራሉ የጠላት መርከብ ማረከ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አድሚራል ሆኖ ቀረ። ዴልማር አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሳይወደው አልቀረም።

ይህ ጥበቃ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ሚስ ኦሬሊያን ነበር። የሌሎቻችን ቤት በጡብ እግር ላይ ከፍ ብሎ የቆመ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። የሳቸው ግን መሬት ላይ በፈሰሰ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው ዘመናዊ ቤት ይኸ ነው ብለው ያሠሩት። ሚስ ኦሬሊያ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ነው ያረጁት። የመንገዳችንን ግማሽ ሰው ልጅ ሳለ አብልተውታል፤ ዴልማርንም ጭምር። በትልቁ አውሎ ነፋስ ጊዜ ቤታቸው እስከ ጣሪያው ውሃ ጠጥቶ እንደገና ከባዶ ነው ያነሱት። ያን ጊዜ አትላንታ የምትኖረው ልጃቸው ዳኒታ አንድ ቃል አስገብታቸዋለች፤ ውሃ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ከገባ ቤቱን ትተው ወደሷ ይሄዳሉ። ሚስ ኦሬሊያ እሺ ብለዋል። እሺ ያሉት ዴልማር አለ ብለው ነው። ይህን ሁልጊዜ ይናገሩታል፤ ለልጃቸውም በስልክ ይነግሯታል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ነሐሴ ላይ። አውሎ ነፋስ አልነበረም። ስም እንኳ ያልወጣለት ዝናብ ነው፤ መጣና ከላያችን አልሄድ አለ። ከፓምፖቹ አንዱ ቆሟል የሚልም ነበር፣ የለም ሁሉም ይሠራሉ ዝናቡ ነው የበዛው የሚልም ነበር። እኔ አላውቅም። ውሃው ግን ከአስፋልቱ ወደ እግረኛ መንገዱ፣ ከእግረኛ መንገዱ ወደ ሣሩ ወጣ።

ዴልማር ከንጋት ጀምሮ ከከተማው ዳር ባለው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ አርፍዶ ገብቶ ተኝቶ ነበር። የቀሰቀሰው የለም። አድሚራሉ ከማንም ቀድሞ የወጣ መስሎን ሁላችንም የየራሳችንን መኪና ወደ ገለልተኛው መሬት አወጣን፤ ቦታው ሞላ። የሱ ፒክአፕ ደጃፉ ላይ ቀረ። ጡረታ በወጣ ሰሞን የገዛው ሰማያዊ ፒክአፕ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለቱን መኪኖቹን ውሃ ነው የበላቸው፤ አንዱን በትልቁ አውሎ ነፋስ፣ ሌላውን እንዲሁ በአንድ ተራ ዝናብ። ይህችኛዋን በየቅዳሜው በጨርቅ ያሻሻት ነበር።

በሩ ተከፍቶ በካናቴራና በባዶ እግሩ ሲወጣ አየሁት። ቆሞ ውሃውን አየ። ቀጥሎ መኪናውን አየ፤ ውሃው የጎማው ወገብ ላይ ደርሷል። ገንዳዎቹ ባለቤት እንደሌላቸው ጀልባዎች መንገዱ ላይ ይንሳፈፋሉ። ወደ ገንዳዎቹ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። ቁልፉን ይዞ ወደ ፒክአፑ ሮጠ።

«ዴልማር፣ ተው» አለው ክሊቭ ከበረንዳው። «ተወው፣ ብረት ነው።»

ሞተሩ ተነሳ። በዝግታ ቢነዳ ውሃው ሞተሩን ያጠፋዋል ብሎ ፈርቶ ይመስለኛል፣ ነዳጁን ረገጠው። በመንገዱ ጫፍ ወዳለው ድልድይ አቀበት ለመውጣት በሚስ ኦሬሊያ ደጃፍ ማለፍ ግድ ነው። አለፈ። ከኋላው የተነሳው ውሃ አጥራቸውን ተሻግሮ፣ ሣራቸውን ተሻግሮ በራቸውን ሲመታ አየን። ተመለሰና እንደገና መታ። ክሊቭ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ቀብር ላይ እንደሚደረገው።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ አባራ፤ ፓምፖቹ ደረሱበትና ውሃው ጎደለ። ፒክአፑ ድነች። ዴልማር ከድልድዩ በባዶ እግሩ በውሃው ውስጥ እየተራመደ መጣ። ሚስ ኦሬሊያ በራቸውን ከፍተው ውሃ በመጥረጊያ ወደ ውጭ ይገፋሉ። የቤት ጫማቸው እግራቸው ላይ የለም፤ ከኋላቸው ሳሎኑ ውስጥ ይንሳፈፋል።

«አንተ ልጅ፣ እግዜር ነው ያመጣህ» አሉት። «መኪና አለፈ። ምን ዓይነቱ ርጉም ነው? ቤቴ ደረቅ ነበር እኮ፣ ውሃው ደፉ ሥር ቆሞልኝ ነበር። አንተስ የት ነበርክ?»

ሁላችንም የሚለውን ጠበቅን።

«ተኝቼ ነበር፣ ሚስ ኦሬሊያ።»

«ታዲያ ሰው አይተኛም እንዴ? ና፣ መጥረጊያውን ያዝልኝ።»

ያዘላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው እዚያ ቤት ሆነ። ያበጠውን ወለል እየፈነቀለ አወጣ፤ የግድግዳውን ጂፕሰም ውሃ እስከነካው ድረስ ቆርጦ ጣለ፤ ሻጋታ እንዳይበቅል ትልልቅ ቬንቲሌተሮች ተክሎ ቀንና ሌሊት አስነፈሰ። ሚስ ኦሬሊያ ያመሰግኑታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ቤተ ክርስቲያን ላይ ተነስተው፣ እግዜር ልጅ በሩቅ ቢሰጠኝ ዴልማርን በቅርብ ሰጠኝ ብለው መሰከሩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እዚያ ከነበሩት ውስጥ የመንገዳችን ሰዎች አሉ። አጨበጨቡ። ምን ያድርጉ?

በከተማችን ሰኞ ቀይ ቦሎቄ የሚበላበት ቀን ነው። ሚስ ኦሬሊያ በዚያ በተፈነቃቀለ ቤት ውስጥ ቦሎቄውን በሩዝ ሠርተው ሳህኑን ጠርዙ ድረስ ሞልተው ያቀርቡለታል። አንድ ቀን ቬንቲሌተር ልዋስ ሄጄ አየሁት። ማንኪያውን ይዞ ሳህኑ ውስጥ ያገላብጣል፣ አይጎርስም።

«ብላ እንጂ፣ ምን ታየዋለህ?» አሉት።

«እየበላሁ ነው።»

«ያን በመኪና ያለፈ ሰው ባገኘው እኮ ይሄን ድስት ነው ራሱ ላይ የምደፋበት። አንተ ብትኖር ኖሮ በእንጨትህ መስታወቱን ታወርድለት ነበር።»

ቬንቲሌተሩን ተቀብዬ ቶሎ ወጣሁ።

ፒክአፑን ወደ መንገዳችን አያመጣትም። ራቅ ያለ ቦታ አቁሟት በእግሩ ይመጣል። ክሊቭ አንድ ጊዜ ብቻ አፉ አምልጦት «አድሚራል፣ መርከብህ ደህና ገባች?» አለው። ዴልማር ቀና ብሎ አየው። ማታ ክሊቭ ለእኔ፣ «ባልናገረው ይሻለኝ ነበር፤ ዓይኑ የተሰበረ ሰው ማየት ጥሩ አይደለም» አለኝ። እንንገራቸው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ከመሃላችን የለም። የሱ ነገር ነው፣ እሱ ይንገራቸው ብለን ተውነው። እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

ዳኒታ ከአትላንታ የመጣችው አንድ እሑድ ነው፤ የመኪናዋን ኋላ በባዶ ካርቶን ሞልታ። ሚስ ኦሬሊያ ካርቶኖቹን ሲያዩ ግቢው ውስጥ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አልነሳም አሉ። እኔና ክሊቭ እርጥቡን ጂፕሰም ወደ መንገድ እያወጣን ስለነበር ሁሉንም ሰማን።

«እማዬ፣ ቃል ገብተሽልኛል።»

«ቃሌ ስለ ውሃ ነበር። ይሄ ውሃ አይደለም፣ መኪና ነው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አለው እንጂ። ውሃው ደፌን አላለፈም። ቤቴ ያው ቤቴ ነው። አንድ ሰው በመኪና መጥቶ ነው የደፋብኝ።»

ዳኒታ እናቷ ፊት ተንበረከከች። የምትናገረው በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ራስሽ አይደለሽ በየሳምንቱ በስልክ፣ ዴልማር ባለበት በዚህ መንገድ ዝንብ አታልፍም የምትዪኝ? አሁን መኪና አለፈ ትዪኛለሽ። የቱን ልመን? አይቼዋለሁ ትያለሽ?»

«ሰምቼዋለሁ። በሩን ሲመታው ሰምቻለሁ።»

«ውሃም ይመታል። ስም በሌለው ዝናብ ውሃ ከገባ እኮ ቤቱ አልቆለታል ማለት ነው። የሚቀጥለው ስም ያለው ይሆናል። ያን ጊዜ ብቻሽን ሆነሽ እዚህ ውስጥ…» አልጨረሰችውም።

የልጃቸው ነገር እውነት ነበረው። ዴልማር በዚያ መንገድ ላይ ያተረፈው ጥሩ ስም ዞሮ እሳቸው ላይ መሰከረባቸው።

ዴልማር በዚህ መሃል የበሰበሰ ሳንቃ ተሸክሞ ከቤት ወጣ። ከዳኒታ ጋር አንድ መንገድ ላይ ነው ያደጉት።

«ዴልማር፣ በናትህ አንተ ንገራት» አለችው። «አንተን ታምንሃለች። መኪና አልፏል?»

ሳንቃውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆመ። እሱ «የለም፣ አላለፈም» ቢል ነገሩ ያልቃል፤ ሚስ ኦሬሊያ ይሄዳሉ፣ እሱም ስሙ እንደተከበረ ይቀራል። ይህን ያሰበ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አስቤዋለሁ።

«አልፏል» አለ።

«የማን?»

«የኔ።»

ዳኒታ ፈገግ አለች። «አትቀልድ እንጂ። ካርቶን ተሸክሜ ነው የመጣሁት።»

«አልቀለድኩም። ተኝቼ ነበር፣ ስነሳ መኪናዬን ውሃ ሊበላት ነው። ይዣት ወጣሁ። እሳቸው ያሉት ልክ ነው። ቤቱ ውሃ አላስገባም፤ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ቤቱ ምንም አልሆነም፣ ዳኒታ።» ሳንቃውን አሁንም አላወረደም።

«እውነት ነው» አለ ክሊቭ ቀስ ብሎ። «ውሃው ደፉ ሥር ነበር። ሁላችንም አይተናል።»

ሚስ ኦሬሊያ ዴልማርን አላዩትም። ያዩት እኛን ነው፤ መጀመሪያ ክሊቭን፣ ቀጥሎ እኔን።

«ሁላችሁም?»

ክሊቭ እጁን በሱሪው ጠረገ። እኔ የጂፕሰሙን ጫፍ ይዤ ጫማዬን አያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያመሰግኑት፣ ሰኞ ሰኞ ሲያበሉት፣ እያንዳንዳችን እናውቅ ነበር። በደሉ የሱ ነው፤ ሚስ ኦሬሊያን መሳቂያ ያደረግናቸው ግን እኛ ነን።

ከወንበራቸው ተነሱ። ዴልማር ፊት ደረሱና «ሳንቃዬን አስቀምጥ» አሉት። አስቀመጠ። «ወደ ቤትህ ሂድ።» ሄደ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ዴልማር ተራምዶ የሚጨርሰው አልመሰለኝም።

ዳኒታ ጥቂት ቀን ቆይታ አንድ ባለሙያ አምጥታ ቤቱን ዙሪያውን አሳየች። ሰውየው የደፉን ልክ አይቶ ሴትዮዋ ልክ ናቸው አለ። ካርቶኖቹን ባዶአቸውን ይዛ ተመለሰች። ሚስ ኦሬሊያ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ በመንገዳችን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ሰላምታው አለ፣ ግን ሁላችንም ቶሎ እንጨርሰዋለን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ዴልማር ገንዳዎቹን ጎትቶ አመጣ፤ ጡቡንም ጨመረ። ከዚያ የመጥረጊያውን እንጨት ለክሊቭ ሰጠው።

«ምን ላድርገው?» አለ ክሊቭ።

«ይዘኸው ቁም።»

«እኔ ሰው መቆጣት አልችልም፣ ታውቀኛለህ። ደንበኛዬ ሆኖ ቢገኝስ?»

«እኔም አልችልም» አለና ቤቱ ገባ። ያን ቀን ዝናቡ ብዙም አልነበረም።

ሚስ ኦሬሊያ መስከረም ሲጋመስ በሬ ላይ መጡ። ሰላም አላሉኝም። «ያን ሰው ጥራልኝ» አሉኝ። «ግማሽ ወለል ላይ እየተራመድኩ መኖር አልችልም። የጀመረውን ይጨርስ። አንተም ና፣ ሳንቃውን ያዝለት፤ ምን ሥራ አለህ።»

ሄድን። ሰኞ ነበር። ቦሎቄው ከወጥ ቤት ይሸታል፤ ሳህን ግን አልቀረበም። ለሱም ለኔም። ሚስ ኦሬሊያ ወንበር አምጥተው መካከል ላይ ተቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው አዩን። ዴልማር ይለካል፣ ይቆርጣል፣ እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይመታል። የቀረውን ሁሉ ከጓዳ ጀምረን ወደ ፊት እየመጣን ስንጨርስ ውጭው በር ደረስን። ለመጨረሻዎቹ ሳንቃዎች ዴልማር ደፉ አጠገብ መንበርከክ ነበረበት። በሩ ክፍት ነው፤ ሣሩና አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያም መንገዱ ይታያል።

«ዴልማር» አሉ ሚስ ኦሬሊያ።

«አቤት።»

«ስታልፍ፣ በሬን አይተኸው ነበር?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። እኔ የሳንቃውን ጫፍ ይዣለሁ፤ መልቀቅም አልቻልኩም።

«መቼ?» አለ።

«መቼ እንደሆነ ታውቃለህ። መንገዱን ብቻ ነበር የምታየው፣ ወይስ በሬን አይተህ ነው ያለፍከው? እሱን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። ሌላውን ትቼዋለሁ።»

ዴልማር ምስማሩን በጣቶቹ አስተካከለ። ቀና አላለም።

«እሱን አይጠይቁኝ፣ ሚስ ኦሬሊያ» አለና መታው።